እሑድ እሑድ የሚያርፈው ዝናብ

«እትዬ ነጥብ» የሚለውን ስም ያወጡላት የቢሮ ባልደረቦቿ ናቸው። ያወጡት ለማላገጥ ነበር፤ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችውና በዚያው ጸደቀ። ሥራዋ ከየጣቢያው የሚመጣውን የዝናብ ልክ ዓመት ከዓመት መደመር፣ ድምሩን በግራፍ ወረቀት ላይ በነጥብ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ነጥቦቹን በመስመር ማያያዝ ነው። ሌላው ሰው ነጥቡን እንደ ጨው በተን በተን አድርጎ መስመሩን ይስባል። እሷ ግን አንዲቷን ነጥብ እንኳ እንደ ፖሊስ ጣቢያ «ከየት መጣሽ? ማን ላከሽ?» ሳትል አታሳልፍም። ኮምፒውተር መጥቶ ግራፉን በዓይን ጥቅሻ መሳል ከጀመረ በኋላም እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አላወረደችም።

«ማሽኑ ፈጣን ነው» ትላለች። «ችግሩ ያጎረሱትን ሁሉ ይውጣል። እንደዚያ ዓይነት ፍጡር ደግሞ ቢሮው ውስጥ ሞልቶናል፤ ሌላ መግዛት አያስፈልገንም ነበር።»

እንዲህ ዓይነት ምላስ ያላት ሴት እድገት እንደማታገኝ ለማንም ግልጽ ነው። አላገኘችም። አብረዋት ከተቀጠሩት መካከል ምላሳቸውን ለመናገር ሳይሆን ለመላስ ያዋሉት ሁሉ ወንበራቸው እየሰፋ፣ ወገባቸው እየጎበጠ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጡ። እሷ ከምድር ቤት፣ መስኮቱ ወደ ጎዳናው ከሚያይ ጠባብ ክፍል ቀረች። የኔ የምትለው ነገር ሁለት ብቻ ነበር፤ ፊርማዋና ቤቷ።

ፊርማዋ ቁም ነገር የሆነው በደንቡ ምክንያት ነው። ማንኛውም የዝናብ ንጽጽር ያዘጋጀው ባለሙያ ካልፈረመበት ከግቢው አይወጣም። ቤቷ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ የዝናብ መለኪያው ከተተከለበት ሜዳ በስተኋላ፣ አጥሩን ተደግፎ የቆመ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ የመሥሪያ ቤቱ መሣሪያ ጠጋኝ ነበርና ቤቱ የተሰጠው ለእሱ ነው። ሲሞት የተፈታታ መሣሪያ የሞላበት ካርቶንና እናቱን ትቶላት ሄደ። ካርቶኑን ለመሥሪያ ቤቱ መለሰች። እናቱን ግን አልመለሰችም፤ ማንም ቢጠይቃት አትመልስም ነበር።

አማትና ምራት ሲባል ሰው የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሁለቱ ግን ጥፍራቸውን የሚያስቀምጡት ለውጭ ሰው ነበር።

ዳይሬክተሩ የመጣው ከሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከየትኛው እንደሆነ ሲጠየቅ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። ዝናብን የሚያውቀው በመኪና መስታወት ነው። በመጣ ሰሞን ግቢውን ሲጎበኝ በባዶ መሬት መሀል የቆመች አንዲት ጣሳ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የዝናብ መለኪያ ነው» አሉት።

«ታዲያ እንዲህ በረሃ መሀል? እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል?»

በሳምንቱ ሰርኩላር ወጣ። የሰርኩላሩ አናት ላይ መፈክር ነበር፤ ያለ መፈክር ሰርኩላር ያለ ኮፍያ ጄኔራል ነውና። «አረንጓዴ ጣቢያ ለአረንጓዴ አገር» ይላል። በአገሪቱ ያለ ጣቢያ ሁሉ ቅጥር ግቢውን ሣር እንዲያለብስ፣ መርጫ እንዲገዛ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ እንዲልክ ታዘዘ። ፎቶው ላይ ሣሩ ቡናማ ሆኖ የታየበት ጣቢያ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ሣር በክረምት በራሱ ይበቅላል፤ በበጋ ግን እንደ ባለሥልጣን ነው፣ ካላጠጡት ይኮሳተራል። ስለዚህ አትክልተኛ ተቀጠረ፣ ጎማ ተዘረጋ፣ እየዞረ ውኃ የሚተፋ መርጫ በየሜዳው ተተከለ። አገሩ በሙሉ ሣር ጠጪ ሆነ።

ዓመታት አለፉና የሚገርም ነገር ታየ። ድሮ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ይመጣ የነበረው የአገሩ ዝናብ ቀና አለ። በመጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ደህና አድርጎ። እትዬ ነጥብ ራሷ ናት በእርሳሷ ያቀናችው። ነጥቦቹን እንደ ልማዷ መርምራ ነበር፤ ቁጥሮቹ ከየጣቢያው በየጠዋቱ የተነበቡ ናቸው፣ ድምሩም ልክ ነው። ምን ታድርግ? ደስ አላት። ሰማይ ሲሰጥ ደስ የማይለው ማን አለ?

ዳይሬክተሩማ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ከወንዙ ማዶ ያለው ጎረቤት አገር ዝናቡ እየቀነሰ ነው፤ የእኛው ይጨምራል። ሁለቱ አገሮች የሚጋሩትን ወንዝ ለመከፋፈል በየጥቂት ዓመቱ ስብሰባ ይቀመጣሉ፤ የዘንድሮው ተራ የእኛ ነው፣ ያውም እዚሁ ግቢ ውስጥ ባለው አዳራሽ። ዳይሬክተሩ የሁለቱን አገሮች የረጅም ዘመን ዝናብ የሚያነጻጽር ግራፍ መጋረጃ በሚያህል ሸራ እንዲታተም አዘዘ። የእነሱ መስመር በቀይ እየወረደ፣ የእኛው በአረንጓዴ እየወጣ። መስመሩ ቀና ማለት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ደግሞ እሱ የተሾመበት ዓመት በደማቁ እንዲጻፍ። ዝናቡን አዘነብኩት ማለት ትንሽ ስለከበደው እንጂ፣ ሊል የፈለገው እሱን ነው።

የቀረው የእትዬ ነጥብ ፊርማ ብቻ ነበር።

ከማዶ ባለው አገር እንደ እሷ ነጥብ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። በአካል ተያይተው አያውቁም። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች ቁጥር ስለሚለዋወጡ ለዓመታት በስልክ ሲበሻሸቁ ኖረዋል። እሷ እሱን «ማዶ» ትለዋለች፤ እሱም እሷን «ማዶ» ይላታል። በዚያ ሰሞን ደወለ።

«ማዶ፣ ደህና አደርሽ? ሰማዩ እንዴት ይዟችኋል? በበጋ ሳይቀር ይሰጣችኋል አሉ።»

«ቅናት ነው?»

«ቅናት አይደለም፣ እኅቴ። የላክሽልኝን ቁጥር እያየሁት ነው። እኛ በጋውን ሙሉ አቧራ እንቅማለን። እናንተ ደግሞ ድንጋይ ብወረውር የምመታችሁ ሰዎች በየቀኑ ጠብ ጠብ ይልላችኋል። ደመናው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ፓስፖርት ይጠየቃል እንዴ?»

«የእናንተ ኬላ ጠባቂ ጉቦ ፈልጎ አስቀርቶት ይሆናል» አለችው።

«ይሆናል። እስቲ ለስብሰባው ስመጣ ጃንጥላ ልያዝ?»

ሣቀች፣ ስልኩንም ዘጋች። ነገር ግን ፓስፖርቱ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ወንዙ ደመና የሚያግድ አይደለም። ልጆች በዋና የሚሻገሩት ወንዝ ነው። ያን ቀን ምሳዋን ለመብላት ቤት ስትገባም ሐሳቧ ከእሱ አልተነቀለም። ለፊርማው ቀን የምትለብሰው ነጭ ሸሚዝ ትዝ አላት።

«እማማ፣ ያ ነጩ ሸሚዜ ታጥቧል?»

«እሑድ ይታጠባል።»

«ዛሬ ገና ረቡዕ ነው እኮ።»

«ረቡዕ መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለሽ?» አሉ አማቷ፣ ጉልበታቸውን እያሹ። «ልብስ የምሰጣው እሑድ ነው። በሌላው ቀን ያ መርጫችሁ እየዞረ ይተፋብኛል። ጠዋት አጥቤ የሰጣሁትን ከሰዓት እሱ ደግሞ ያጥብልኛል፣ ያለ ሳሙና። እሑድ አትክልተኛው ስለማይገባ ልብሴም እኔም እናርፋለን።»

«እስከ ገመዱ ይደርሳል እንዴ?»

«ገመዱ ምን አለው? አልፎ ሄዶ ያቺን ጣሳችሁን አጥምቆ ነው የሚመለሰው።»

እትዬ ነጥብ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ጣሳ ያሏት የዝናብ መለኪያዋን ነው።

«ምነው ልጄ፣ አነቀሽ?»

«አይ እማማ። ወረደልኝ።»

ቢሮዋ ተመልሳ የበጋውን የየቀኑን ቁጥር ዘረጋች። እሑድ እሑድ ባዶ ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር። ባዶ አይደለም፤ እሑድም እንደ ሌላው ቀን ዘንቧል። ለአፍታ እፎይ ልትል ነበር። ከዚያ የገዛ ሙያዋ ጆሮዋን ቆነጠጣት። መለኪያው የሚነበበው በየጠዋቱ ነው፤ እሑድ ጠዋት የሚነበበው ቅዳሜ የገባው ነው፣ የእሑዱ ደግሞ የሚነበበው ሰኞ ነው። ጣቷን ወደ ሰኞ አሻገረች። ባዶ። የሚቀጥለው ሰኞ፣ ባዶ። የአምናው፣ የካቻምናው፣ ወደ ኋላ ሣሩ እስከተተከለበት ዓመት ድረስ በበጋ ሰኞ የተባለ ቀን ሁሉ ደረቅ ነው።

ዝናቡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይዘንባል፣ እሑድ ያርፋል። አትክልተኛው የዓመት ፈቃድ የወጣበት ወር ላይ ደግሞ ጭልጥ ያለ ድርቅ ገብቷል።

መለኪያውን በየጠዋቱ የሚያነበውን ሠራተኛ አስጠርታ ጠየቀችው። ሰውየው ምንም አልደነቀውም።

«ውስጡ የተጠራቀመውን ጻፍ ነው የተባልኩት፣ እትዬ። ከየት መጣህ ብለህ ጠይቀው አልተባልኩም።»

በየጣቢያው ደወለች። ሰው ስለ ዝናብ ትጠይቃለች ብሎ ሲጠብቅ እሷ «ሣራችሁ እንዴት ነው?» ትላለች። «ለምለም ነው፣ ተመስገን ነው» ይሏታል አንዱ ከሌላው እየተቀባበሉ። «መርጫው መለኪያው ጋ ይደርሳል?» ስትል ደግሞ «እንዴታ፣ እሱን ነው አስበልጠን የምናጠጣው፣ ፎቶው ላይ የሚወጣው እሱ ነው» ይሏታል። ከሁሉ ለየት ያለ መልስ የሰጣት አገሩ ጫፍ ላይ፣ ኮረብታ ላይ የተተከለው ጣቢያ ጠባቂ ነበር።

«ሣር? ምን ሣር፣ እትዬ? እኛ የምንጠጣውን እንኳ በጀሪካን ተሸክመን ነው። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቢበቅል ኖሮ ግቢያችን ጫካ በሆነ።»

የዚያን የሣር አልባ ጣቢያ ነጥቦች ብቻቸውን አስቀምጣ አያያዘቻቸው። መስመሩ ይወርዳል። የማዶውን አገር መስመር ደረበችበት። እሱም ይወርዳል። ከዚያ የሌሎቹን ጣቢያዎች በሙሉ መርጫው በማይዞርባቸው ቀናት ብቻ አድርጋ እንደገና ሠራችው፤ ክረምቱን እንዳለ፣ ከበጋው ደግሞ ሰኞ የተነበበውን እያነጻጸረች። ሁለቱ መስመሮች ደረጃ እየተያያዙ እንደሚወርዱ ሁለት ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ቁልቁል ሄዱ። ሁለቱ አገሮች አብረው እየደረቁ ነበር። አንዱ አውቆት፣ ሌላው ሣር ላይ ተኝቶ።

መጀመሪያ የነገረችው ለአትክልተኛው ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ጎማውን እንደ ታማሚ ዘመድ በጥንቃቄ የሚጠቀልል።

«ታዲያ እኔ ነኝ እንዴ አገሩን ያዘነብኩት?» አላት።

«አንተ ነህ፣ ወንድሜ። እስካሁን የደመና አበል ሊታሰብልህ ይገባ ነበር።»

አልሣቀም። «እትዬ፣ ይሄ ነገር ዞሮ ዞሮ እኔ አናት ላይ ነው የሚያርፈው። አጠጣ ብለውኝ አጠጣሁ። ነገ ደግሞ ማን አጠጣ አለህ ይሉኛል።»

«አንተ አናት ላይ የሚያርፍ ነገር ካለ በእኔ አናት ላይ ተራምዶ ነው የሚያልፈው» አለችው። ቃል መግባቷ ነበር፤ ሰውየውም እንደ ቃል ያዘው።

ዳይሬክተሩ ቢሮ ስትገባ ትልቁ ሸራ ታትሞ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አረንጓዴው መስመር እንደ ሮኬት ይወጣል። እሷ የእርሳሷን ግራፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ከሸሚዝ እስከ ሰኞ ያለውን ሁሉ ነገረችው። ሰውየው ሳያቋርጣት ሰማ። መጥፎ ምልክት ነው፤ ሲያቋርጥ ገና እያሰበ ነው፣ ዝም ሲል ወስኗል ማለት ነው።

«አየሽ፣ አንቺ ሁልጊዜ ነገር ትቆፍሪያለሽ» አላት በመጨረሻ። «ሕዝቡ ተስፋ ይፈልጋል።»

«ሕዝቡ ዝናብ ነው የሚፈልገው፣ ጌታዬ። ተስፋውን ከሸራው ላይ አይጠጣውም።»

«ነገሩ ቀላል ነው። ቤትሽ የማነው?»

«የመሥሪያ ቤቱ።»

«መሥሪያ ቤቱ ፊርማሽን ይፈልጋል። ካልፈረምሽ እዚህ የሚያስቀምጥሽ ምክንያት የለም። አገሩ ጫፍ ያለው ጣቢያ ሰው አንሶታል፤ ከነአማትሽ እዚያ ትሄጃለሽ። ደግሞ ጥፋት አለ ካልሽ ጥፋተኛ ይኖራል። አትክልተኛው ይባረራል። አስቢበት።»

«አስቤበታለሁ» አለች።

«እንዲህ ቶሎ?»

«የመጣሁት አስቤበት ነው። እዚህ የመጣሁት እርስዎ እንዲያስቡበት ነበር። ያ ጣቢያ ደግሞ በአገሩ ያልሰከረ መለኪያ ያለው እሱ ብቻ ነው። ለቅጣት ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።»

ብዕሩን ወደ እሷ ገፋው። እሷ ብዕሩን አንሥታ ክዳኑን ከደነችና ቀለሙ እንዳይደርቅ ብላ ወደ እሱ መለሰችው።

በነጋታው ሁለት ደብዳቤ ወጣ፤ የእሷ ዝውውርና የአትክልተኛው ስንብት። ሦስተኛም ወጣ። ደንቡ ባለሙያው ይፈርም ስለሚል፣ «ባለሙያው ባልተመቸው ጊዜ ኃላፊው ሊፈርም ይችላል» የሚል አዲስ ደንብ ተወለደ። ሌላ አገር ደንብ ለማሻሻል ዓመት ይፈጃል፤ የወንበር ፍቅር ሲገባበት ግን ከቁርስ እስከ ምሳ ያልቃል። ዳይሬክተሩ ሸራው ላይ በራሱ እጅ፣ ከሩቅ በሚታይ ፊርማ ፈረመ።

እትዬ ነጥብ ቤቷ ገብታ ለአማቷ ነገረቻቸው። ትፈራው የነበረው ይህን ነው። አሮጊቷ ልጃቸውን የዳሩትም የቀበሩትም ከዚህ ቤት ነው።

«እማማ፣ ብፈርም ኖሮ እንቆይ ነበር።»

አማቷ ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ልጄ በሕይወቱ ያልሠራ መሣሪያ ሠራ ብሎ አያውቅም» አሉ። «አባቱ እንኳ ሰዓቱን ሲያስጠግነው፣ ይሄ አይሆንም ጣለው ነው ያለው። ያን ቀን ጉድ እስኪባል ተጣልተዋል። አንቺ ፈርመሽ ቢሆን ኖሮ በምን ዓይኔ ነው የማይሽ? በይ ድስቶቹን በጨርቅ ጠቅልያቸው፣ ይሰበራሉ።»

ስብሰባው የተከፈተው እነሱ ዕቃ በሚያሥሩበት ቀን ነው። አዳራሹና ቤቱ የሚለያዩት በሣሩ ብቻ ስለሆነ ጭብጨባው እስከ ፍራሹ ድረስ ይሰማል። ዳይሬክተሩ ሸራውን ገለጠ፣ ንግግሩን አደረገ፣ ከአፉ ማር ጠብ አለ። ዝናባችን ጨመረ፣ ሰማያችን ታረቀን፣ ጎረቤቶቻችን ግን አሳዛኝ ድርቅ ላይ ናቸው አለ፤ ማዘኑን ለማሳየት ቅንድቡን እስከ ግንባሩ ሰቀለ።

የማዶው ልዑክ መሪ ረጋ ያለ፣ መነጽር የሚጠርግ ሰው ነው። ተነሥቶ እንኳን ደስ አላችሁ አለ። ከልቡ ይመስል ነበር። ከዚያ መነጽሩን አደረገና እንዲህ አለ፦

«ወንድሞቻችን በፊርማ አረጋግጠው እንዳሳዩን፣ እናንተ ከሰማይ እየተሰጣችሁ ነው፣ እኛ እየተነፈግን ነው። እንግዲህ ፍርዱ ከባድ አይደለም። ከወንዙ የእናንተን ድርሻ ግማሹን ለእኛ እንድትለቁልን እንጠይቃለን። ማስረጃ ማቅረብ አላስፈለገንም፣ እናንተው አቅርባችሁልናል፤ እናመሰግናለን።»

ዳይሬክተሩ ወደ ሸራው ዞረ። ሸራው ላይ ያለው ፊርማ የማንም ሳይሆን የራሱ ነው፤ ያውም ከሩቅ የሚታይ። የእረፍት ሰዓት ጠየቀ።

ሣሩን አቋርጦ መጣ። መርጫው የሚዘጋው ሰው አልነበረውም፤ የሚዘጋው ሰው ተባርሮ ሻንጣውን ይዞ እትዬ ነጥብ ደጅ ቆሟል፣ ሊሰናበታት። መርጫው ዞረና ዳይሬክተሩን ከቀኝ ትከሻው እስከ ጫማው አጠበው። በሩ ላይ ሲደርስ ከከረባቱ ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። አማቷ በታሠረው ፍራሽ ላይ ተቀምጠው አዩት።

«ጎሽ፣ ዝናቡ እዚህም ደረሰ» አሉ።

«ያንን ግራፍሽን» አላት ዳይሬክተሩ እያለከለከ። «እሱን አምጪው። የእርሳሱን። አሁን ነው የምፈልገው።»

«የቱን? ነገር የተቆፈረበትን?»

«የቀልድ ሰዓት አይደለም። ወንዙን ሊወስዱት ነው።»

እትዬ ነጥብ የፍራሹን ገመድ አጠበቀች። ግራፉ ተጠቅልሎ ከብብቷ ሥር ነበር። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«ይኸው አለ። እሰጥዎታለሁ። አስቀድመው ግን የዚህን ሰው የስንብት ደብዳቤ ይቅደዱልኝ። ቀጥሎ ከግራፉ ሥር በእጅዎ ይጽፉልኛል፦ ሣሩን ያስተከልኩት፣ ያስጠጣሁትም እኔ ነኝ ብለው። አትክልተኛው እጁ ነበር፣ አፉ እርስዎ ነዎት።»

ሰውየው ወደ አዳራሹ ዞሮ አየ፣ ወደ እሷ ዞሮ አየ። አትክልተኛው ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት፤ ተቀብሎ ቀደደው። ግራፉን እሷ በሩ መቃን ላይ ደግፋ ያዘችለትና ጻፈ። ፊርማው በዚህ ጊዜ ትንሽ ነበረች፣ ከሩቅ አትታይም።

«ቤቱንም ትቆዪበታለሽ» አላት ግራፉን ሊቀበል እጁን እየዘረጋ። «ዝውውሩን እሠርዘዋለሁ። እርቅ ነው እንግዲህ።»

«ቤቱን አልጠየቅሁዎትም።»

«እየሰጠሁሽ ነው እኮ።»

«አየዋለሁ። አሁን ቤቱን ከተቀበልኩ ይሄ ግራፍ በቤት የተለወጠ ነው የሚባለው፤ ነገ ደግሞ ማዶ ያሉት ሰዎች ይህንንም አያምኑትም። ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ብዕር ሲገፉልኝ ይሄንኑ ቤት ያነሡብኛል። ግራፉን በነጻ ይውሰዱት። ልቅርም ብል ይህቺን ፍራሽ ማን ይፈታታል?»

«እኔ እንደሆንኩ አልፈታም» አሉ አማቷ።

ግራፉን ግን፣ ከሥሩ የጻፈው መንገድ ላይ እንዳይቆረጥ ብላ፣ እሱ እጅ ላይ አላኖረችውም። ራሷ ይዛው ገባች፤ ያልታጠበውን ሸሚዟን እንደለበሰች። አረንጓዴው ሸራ ላይ በአራት ስፒል አንጠለጠለችውና ስለ መርጫው፣ ስለ ሰኞውና ስለ ሣር አልባው ጣቢያ በአጭሩ ተናገረች። የማንንም ስም አላነሣችም። ስሙ ከሥሩ ተጽፏል፤ ማንበብ ለሚችል በቂ ነው። የማዶው ልዑክ መሪ መነጽሩን እንደገና ጠረገ። የሁለቱ አገሮች መስመር እየተያያዘ ቁልቁል ሲሄድ እያየ የድርሻ ጥያቄውን ከፊቱ ካለው ወረቀት ላይ በብዕር ሠረዘ። ያን ቀን ስምምነት ላይ አልተደረሰም። ግን ስለ ማን ሰማይ ለጋስ እንደሆነ ማውራት ቀረና፣ ያለችውን ውኃ ሁለት የተጠሙ ሰዎች እንዴት እንደሚካፈሉ መነጋገር ተጀመረ። ለዓመታት ያልተጀመረ ወሬ ነው።

ስትወጣ ከኋላ ረድፍ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ተነሣ። በእጁ ጃንጥላ ይዟል።

«ማዶ» አላት። «ወደ ታችኛው መስመር እንኳን ደህና መጣሽ። ወንበር ይዤልሽ ነበር።»

«ፓስፖርት አምጪ ሳትለኝ?»

«አንቺን ያዩ ደመናዎች ሁሉ ይለፉ ብለናል» አለ። ያን ጊዜ ነው ሁለቱም እንደ ልባቸው የሣቁት።

ዳይሬክተሩ ከወንበሩ አልወረደም፤ እንዲህ ዓይነቶቹ ወንበራቸው ላይ በውኃ ቢረጩም አይለቁም። ዝውውሩንም አልሠረዘም፤ የዋለችለትን ውለታ ከበደሉ ይልቅ ቂም አድርጎ ያዘው። አትክልተኛው ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ትልቁን ሸራ አጣጥፎ የጎማ መሸፈኛ አድርጎታል፣ አረንጓዴው መስመር ወደ ውስጥ ተገልብጦ።

ኮረብታው ላይ ያለው ጣቢያ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠባቂና አንዲት ጣሳ ነው። ጣሳዋ በባዶ መሬት ላይ ቆማለች። በደረሱ በጥቂት ሳምንት ፖስታ መጣ፤ ውስጡ ሰርኩላር ነበር። ጣቢያው እስካሁን አረንጓዴ ባለመሆኑ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል። እትዬ ነጥብ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ ከሰርኩላሩ ጀርባ አንድ መስመር ጻፈችና እዚያው ፖስታ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

«ምን አልሻቸው?» አሉ አማቷ፣ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለው።

«ሣሩ ዝናቡ ሲያበቅለው ይበቅላል ብዬ።»

«ስምሽን ጻፍሽበት?»

«ከነፊርማው።»

«ደግ አደረግሽ» አሉና ነጩን ሸሚዝ ጨምቀው አራገፉት። «በይ አሁን ያንን ገመድ ወጥሪልኝ። ዛሬ ረቡዕ ነው።»